መስኮቱን ማን ከፈተው?

ልጃችን ሚጡ ተወልዳ ከጤና ጣቢያ ወደ ቤት የመጣችው ግንቦት ሲያልቅ ነው። የምንኖረው የካ አባዶ፣ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አማቴ ከደብረ ብርሃን ቀድመው መጥተው ቤቱን አሰናድተው ጠበቁን። ገንፎው ደርሷል። አጥሚቱ ፔርሙስ ሞልቷል። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። የመኝታ ቤቱ መስኮት ትንሽ ክፍተት ስላለው ደግሞ ጨርቅ ተጠቅጥቆበታል።

«እማዬ፣ ትንሽ አየር ይግባ እንጂ» አልኳቸው።

«የሚገባው ንፋስ ነው ልጄ። አራስ ቤት እኮ ነው» አሉኝ።

በዚሁ ተዘጋ። መስኮቱም ወሬውም።

አባዶን የማያውቅ ሰው አማቴ ላይ ይፈርድ ይሆናል። የሚያውቅ ግን አይፈርድም። ከመገናኛ ታክሲ ይዘህ፣ አያትን አልፈህ ወደ እኛ ስትመጣ ብርዱ ይለያል። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። እኛ ደግሞ ዳር ላይ ነን፤ ከሜዳው የሚመጣውን ንፋስ መጀመሪያ የምንቀበለው እኛ ነን። በብሎኮቹ መሃል ሲያልፍ ያፏጫል። ሌሊት ጅብ ይጮኻል፤ እንቅልፍ የሚነሱት ግን ጅቡን የሚሳደቡት ውሾች ናቸው። አንድ ጓደኛዬ እኛ ጋ አድሮ ጠዋት «እዚህ ሰው ይኖራል?» ብሎኝ ነበር። አሁን ጎረቤቴ ነው። ኪራይ የማያመጣው የለም።

በዚያ ክረምት ቤታችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ፍርሃት ይኖር ነበር። የአማቴና የእኔ።

እሳቸው ንፋስ ይፈራሉ። ምች ይፈራሉ። የሰው ዓይን ይፈራሉ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት የመጣ ጠያቂ ሁሉ ከመግባቱ በፊት ልጅቱ ፊት ላይ ነጠላ ጣል ይደረጋል። ከሚስቴ ትራስ ስር ቢላ አለ። ብረት ስለሆነ ክፉ ነገር አያስቀርብም ተብሎ ነው። እኔ ቢላውን ወደ ኪችን እመልሳለሁ። ማታ ከሥራ ስመጣ ቦታው ተመልሷል። ስለ ቢላው አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። እስከ ሰማንያዋ ድረስ እንዲሁ ሲመላለስ ከረመ።

የእኔ ፍርሃት ደግሞ ከስልክ የተለቀመ ነው። ሌሊት እየተነሳሁ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። እሳቸው «ትውከት እንዳያንቃት» ብለው በጎኗ ያስተኟታል፣ እኔ በጀርባዋ እገለብጣታለሁ። በዚህ እንኳን እኔ ልክ ነበርኩ። ሕፃን በጀርባው፣ የማይሰምጥ ፍራሽ ላይ፣ ፊቱ አጠገብ ትራስና ወፍራም ጋቢ ሳይከመር ሲተኛ በእንቅልፍ ላይ ድንገት የመሞት አደጋው እንደሚቀንስ በደንብ የታወቀ ነገር ነው። ሚስቴ ከመሃላችን ተኝታ ሁለታችንንም ትታዘበናለች። «እናንተ ስትገለብጧት ነው እንጂ ልጅቷስ ተኝታ ነበር» አለች አንድ ሌሊት።

ለአባትነት የተሰጠኝ ፈቃድ 3 ቀን ነበር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአባት የሚገባው ያ ነው፤ ሦስት ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደሞዝ ጋር። ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ይሰጣል። በ3 ቀን የተማርኩት ዳይፐር በየት በኩል እንደሚታሰር ብቻ ነው። በአራተኛው ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ታክሲ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ አብዛኛው ነገር ማታ ማታ የሆነ ነው። ቀን ቀን ቤቱ የእሳቸው ነበር።

ሐምሌ ላይ ነው። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ቀኑን ሙሉ ዘንቧል። የሚጡ ልብስ አልደርቅ ብሎ በየወንበሩ ላይ ተሰጥቷል። ማታ ስገባ አማቴ በረንዳ ላይ ከሰል እያቀጣጠሉ ነበር። ልጅቱ መታጠብ አለባት፤ ቤቱ ደግሞ በረዶ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። አማቴ ከሰሉን እንደጨሰ አላስገቡትም። ማንደጃውን በረንዳ ላይ አቆይተው፣ በማራገቢያ አራግበው፣ ጥቁሩ ሁሉ ቀይ እስኪሆን ጠበቁ። «ጭስ ለሕፃን አይሆንም» እያሉ። ሲፋም፣ ላዩ ነጭ አመድ ሲለብስ፣ ወደ መኝታ ቤት አስገቡት። ክፍሉ ወዲያው ሞቀ። ሻማ በርቷል፣ ፍሙ ግድግዳው ላይ ቀይ ይጥላል፣ ልጅቱ ሳፋ ውስጥ እግሯን ታወራጫለች። እውነት ለመናገር ያን ጊዜ ያ ክፍል በዓለም ላይ ካሉ ቦታዎች ሁሉ ደህናው መስሎኝ ነበር። በሩ ተዘጋ። ጨርቁ መስኮቱ ላይ እንደተጠቀጠቀ ነው። እኔ ሳሎን ወጥቼ ራቴን በላሁ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ይመስለኛል፣ ሚስቴ ከውስጥ «ራሴን አመመኝ» አለች።

«ብርድ ነው» አሉ አማቴ። ድምፃቸው ዘገም ያለ ነበር። ደክሟቸዋል ብዬ አሰብኩ።

ገባ ብዬ ሚጡን አየኋት። ተኝታለች። በየሁለት ሰዓቱ ጡት ካላገኘች ብሎኩን የምታናውጥ ልጅ ጭጭ ብላለች። «ዛሬስ እንዴት ጥሩ ተኛች» አልን። ተደሰትን። ያንን ደስታ ሳስታውስ አሁንም ሆዴ ይገለበጣል።

የታችኛዋ ጎረቤታችን ሻማ ልትበደር ነው የመጣችው። በር ከፈትኩላት። ሚስቴን ሰላም ልበል ብላ ወደ መኝታ ቤቱ ዘለቀች። በሩ ላይ ቆመች። ማንደጃውን አየች፣ ከዚያ መስኮቱን። ምንም አላለችም። ሁለት እርምጃ ተራምዳ ጨርቁን ነቀለችና መስኮቱን በሁለት እጇ በረገደችው። ንፋሱ ሻማውን አጠፋው።

«ልጅቷን አውጡ!» አለች በጨለማ።

ሚስቴ ልትነሳ ስትል ጉልበቷ ከዳትና እዚያው አስመለሳት። አማቴ ግድግዳ ይዘው ወጡ። እኔ ሚጡን ታቅፌ ደረጃው ላይ ሮጥኩ። ቀዝቃዛው አየር ሲነካት ፊቷን አጨማደደች። ከዚያ አለቀሰች። ለቅሶ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የጎረቤታችን ባል መኪና አለው። እሳት አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። ሁለቱም ቁጥሮች ከዚያ ሌሊት በፊት ስልኬ ውስጥ አልነበሩም፤ የቅርጫ ሥጋ የሚያከፋፍለው ሰውዬ ቁጥር ግን ነበር። መኪናው ውስጥ አራቱም መስኮት ወርዷል። ዝናቡ ይገባል። አማቴ ከኋላ ተቀምጠው ምንም አላሉም።

ሆስፒታል ስንደርስ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የምትለካውን፣ ጣት ላይ የምትቆነጠጠዋን መሣሪያ ለሚስቴ አደረጉላት። 98 አለች። «ደህና ናት ማለት ነው?» አልኩ። ተረኛዋ ሐኪም ራሷን ነቀነቀች። «ከሰል ከሆነ ይቺን አትመናት» አለችኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚቀመጥበትን ወንበር ይይዛል። ከኦክስጅን 200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ነው የሚይዘው። መሣሪያዋ ወንበሩ መያዙን እንጂ ማን እንደያዘው አትለይም። ስለዚህ ሰውየው እየታፈነ እሷ 98 ትላለች። ሁሉንም ኦክስጅን ላይ አደረጓቸው። ሕፃን ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ከእኛ ይልቅ ቶሎ እንደሚጎዳ የነገረችኝም ያቺው ሐኪም ናት። ሚጡ ከሁሉም ቀድማ ነቃ ነቃ አለች። ለምን እንደሆነ አላውቅም። አማቴ ያውቃሉ፤ ለማርያም ተስለው ነበር።

ጋዙ አይሸትም፣ አይታይም፣ ዓይን አይቆጠቁጥም። ጭሱ ሲጠፋ የጠፋው የሚያስለው ነገር ነው። የሚገድለው እዚያው ፍሙ ውስጥ አለ። ጎረቤታችን ይህን ያወቀችው ከዚህ በፊት ኮተቤ ተከራይታ ስትኖር የግቢው ዘበኛ አንድ ጠዋት በር አልከፍት ብሎ ነው። ማንደጃው እግሩ ስር ነበር።

ከዚያ በኋላ አማቴ ሦስት ቀን ቡና አላፈሉም። ቡና የማይፈላበት የእሳቸው ቀን አይቼ አላውቅም። ሚስቴም ዝም፣ እኔም ዝም። ስልኬ ላይ ግን ስሜን ለማጥራት ስፈልግ አመሸሁ፦ «ያልኩትን ብትሰሙ ኖሮ» የምልበትን ማስረጃ። ብዙ አገኘሁ። ግን አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። ከሰሉ ሲገባ እኔም ቤት ነበርኩ። ማንደጃውን አልፌ ነው ራቴን ለመብላት የወጣሁት።

ሌላም ነገር አለ። ደብረ ብርሃን የአማቴን የድሮ ቤት አይቼዋለሁ። ጭቃ ቤት ነው፣ ቆርቆሮው ከግድግዳው ጋር በደንብ አይገጥምም። በዙሪያው ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። በሩ ከስር ክፍት ነው። እዚያ ቤት ሰባት ልጅ አሳድገዋል፣ ሰባቱንም በከሰል አጥበዋል። ያ ቤት እንዲተነፍስ ማንም አላሰበም፣ ግን ይተነፍሳል። የእኛ ቤት ብሎኬት ነው፣ ሲሚንቶ ነው፣ መስተዋት ነው። የቀረችውንም ቀዳዳ በጨርቅ ደፈንናት። የሴትዮዋ እውቀት ለሌላ ቤት የተሠራ እውቀት ነበር። ይህን ለሚስቴ ስነግራት «ሂድና ለእሷ ንገራት» አለችኝ። ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ቤቱ ነው እንግዲያ የማያውቅ» አሉ። በማግስቱ ጀበናው ወጣ። ከሰሉ በረንዳ ላይ ቀረ።

የመስኮቱ ነገር ግን አላለቀም።

ነሐሴ መግቢያ ላይ የ10ኛ ሳምንት ክትባቷ ደረሰ። ክትባቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው፤ ሲወለዱ አንድ አለ፣ ከዚያ በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንት፣ ከዚያ ለኩፍኝ በ9ኛ ወርና በ15ኛ ወር። ነርሷ ሚጡን ከመዘነቻት በኋላ «ፀሐይ ታሞቋታላችሁ?» ብላ ጠየቀች።

አማቴ ኮራ አሉ። «በየጠዋቱ! በወጣች ቁጥር።»

«የት ጋ እማማ?»

«መስኮቱ ስር። ልብሷን አውልቀን፣ ቅባት ቀብተን።»

«ተከፍቶ?»

ዝም አሉ። እኔን አዩኝ።

መስተዋት ሙቀቱን ያሳልፋል፤ ቆዳችን ቫይታሚን ዲ የሚሠራበትን ጨረር ግን ያስቀረዋል። ስለዚህ ልጅቱ ሞቅ ብሏት፣ ፊቷ ቀልቶ፣ አጥንቷ ግን ምንም ሳያገኝ ትውላለች። ሪኬትስ የሚባለው የአጥንት መልፈስፈስ ፀሐይ ሞልቶ በተረፈበት አገር የሚገኘው ልጆቻችንን ጠቅልለን ውስጥ ስለምናስቀምጣቸው ነው። ፀሐይ ማሞቁ ራሱ ትልቅ ጥበብ ነው። እናቶቻችን ቫይታሚን የሚለውን ቃል ሳይሰሙ ነው የደረሱበት። እዚህም ላይ ያበላሸው ቤቱ ነው። ድሮ ፀሐይ የሚሞቀው ደጅ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደጅ የለም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስምምነት ላይ ደረስን። ጠዋት መስኮቱ ይከፈታል፣ ልጅቱ ኮፍያ ታደርጋለች። የንፋስ ፍርሃታቸውን አልናቅሁባቸውም። የሳንባ ምች በአገራችን ሕፃናትን ከሚገድሉት ዋና ዋና በሽታዎች አንዱ ነው። ንፋሱ ራሱ ባያመጣውም እሳቸው ያዩት ልጆች በብርድ ወራት ሲሞቱ ነው። የከሰልና የእንጨት ጭስ እንደሚያባብሰው ነርሷ ስትነግራቸው «ታዲያ እኔም ጭስ አይሆንም ብያለሁ» አሉ። ልክ ናቸው፣ ብለዋል። እኔ ደግሞ ትንፋሽ መቁጠር ተማርኩ። ልጅቱ ሳታለቅስ፣ ስልክ ላይ አንድ ደቂቃ ይዞ፣ ደረቷ ስንት ጊዜ ከፍ እንዳለ። ከሁለት ወር በታች 60ና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ከሁለት ወር እስከ ዓመት 50ና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ጎኗ ወደ ውስጥ ስርጉድ ካለ፣ እስኪነጋ አይጠበቅም። አንድ ሌሊት 44 ቆጥሬ እንደገና 46 ቆጠርኩ። አማቴ በጨለማ «ስንት ሆነ?» አሉኝ። ነቅተው ነበር።

የታክሲውን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሚስቴ ልጅ ታቅፋ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስትደርስ ሰው ሁሉ ያስቀድማታል። ደስ ይላል። ረዳቱ «እናት ነች፣ ጋቢና አስገቧት!» ይላል። በአክብሮት። ጋቢና ማለት ግን ከፊት ነው፣ መስተዋቱ ስር። ሚኒባሱ ቢጋጭ ከእናትዬው ደረት ተወርውሮ መጀመሪያ የሚሄደው ሕፃኑ ነው። ቀበቶውም ካለ የእናትየዋ ነው፣ ሕፃንና እናትን አንድ ላይ ማሰር ደግሞ የባሰ ነው፤ ክብደቷ ያደቅቀዋል። የሕፃን ወንበር የሚባለው ነገር ታክሲ ለሚሳፈር ሰው ቀልድ ነው። ስለዚህ ሚስቴ «አይ፣ ከኋላ ይሻለኛል» ትላለች። ሰው ኩራት ይመስለዋል። ከኋላ ገብታ መስኮት ስትከፍት ደግሞ ዘጠኝ ሰው በአንድ አፍ «ኧረ ለልጅቷ ንፋስ!» ይላል።

አማቴ ከመስቀል በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ብዙ ሳይቆይ የሚስቴ ፈቃድ አለቀ። ሞግዚት ፍለጋ ተጀመረ። ደላላ፣ ተያዥ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ የሚመጣ የሚሄድ፤ ያንን ጣጣ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ለብቻው ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል። በመጨረሻ አንድ ዝምተኛ ልጅ ተገኘች። ሚጡ ወዲያው ወደደቻት። እኔ አንድ ወር ሙሉ በየሰበቡ ስደውል ከረምኩ። «ጋሼ፣ ከምትደውልልኝ ልጅቷን እንዳያት ተወኝ» አለችኝ። ተውኩ።

ጥር ላይ ሚጡ መዳህ ጀመረች። ያኔ ነው ሕይወታችን በሙሉ መሬት ላይ መሆኑ የታየኝ። እስቲ ጉልበታችሁ ላይ ተንበርከኩና ቤታችሁን ዙሩት። እኔ ዞርኩት። ረከቦቱ መሬት ላይ ነው። ማንደጃው መሬት ላይ ነው። የቴሌቪዥኑ ሶኬት ማከፋፈያ መሬት ላይ ነው። የእንጀራ ምጣዱ ገመድ ይንጠለጠላል። ሽንኩርት የሚከተፈው መሬት ላይ ነው፣ ልብስ የሚታጠበው መሬት ላይ ነው። እኛ ከላይ ሆነን ስናየው ቤት ነው። ከእሷ ቁመት ሲታይ ገበያ ነው።

በተለይ ውሃው። እኛ ጋ ውሃ በፈረቃ ነው፣ ሲመጣም ሌሊት ነው። ቧንቧው መጀመሪያ ያንኮራፋል፣ ከዚያ ያስላል፣ ከዚያ ይለቃል። በብሎኩ ያለ ሰው ሁሉ ከአልጋው ይወርዳል። በርሜል ይሞላል፣ ጀሪካን ይሞላል፣ ባልዲ ይሞላል፣ ሳፋ ይሞላል፣ ድስት የቀረ እንደሆነ ድስት። ጠዋት ቤቱ ወደብ ይመስላል። መጋቢት ላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሞግዚቷ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፣ ሚስቴ ሱቅ ወርዳለች። ልጅ እየጠበቅሁ ያለሁት እኔ ነኝ። ስልክ ጠራ። አጭር ነበር፣ የሥራ ጉዳይ። ፊቴን ወደ በረንዳው አዞርኩ። ስመለስ ሚጡ ባልዲውን ይዛ ቆማለች። ከዚያች ቀን በፊት ይዛም ቆማ አታውቅም። አንድ እጇ ውሃው ውስጥ ነው፣ ጫፍ ጫፉን ትመታዋለች፣ ትስቃለች። ጭንቅላቷ ወደ ውስጥ አዘንብሏል። የእግር ጣቶቿ ብቻ ናቸው መሬት የነኩት።

አነሳኋት። ምንም አልሆነችም። እጅጌዋ ብቻ ረጠበ።

የዚህ ዕድሜ ልጅ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ከባድ ነው። ባልዲ ውስጥ በጭንቅላቱ ከተደፋ ራሱን ማውጣት አይችልም። ለመስጠም 5 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይበቃዋል። ደግሞ ድምፅ የለውም። መጮህ፣ መንቦራጨቅ፣ እንደ ፊልም ያለ ነገር የለም፤ ዝም ነው። እኔ ስልኬን ጨርሼ ዝምታውን ብሰማ «ምን ያህል ጨዋ ሆናለች» እል ነበር። ለሚስቴ የነገርኳት ከሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ለእያንዳንዱ ባልዲ ክዳን ገዝቼ ነበር፣ እሷም ምን ነካው እያለች ነበር።

በረኪናውም አለ። እንደምታውቁት በረኪና በየሱቁ በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ ይሸጣል። መልኩ ውሃ ነው። አንድ ሌሊት ጠምቶኝ ተነስቼ በጨለማ አንዱን አነሳሁና ክዳኑን ፈታሁ። ሽታው አፍንጫዬን መታኝ፣ መለስኩት። እኔ አፍንጫዬን አምናለሁ። ሚጡ ግን በዚያ ወቅት ዓለምን የምታውቀው በአፏ ብቻ ነበር፤ ጫማ፣ ሪሞት፣ የአባቷ ቁልፍ። አሁን በረኪናችን ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ቢጫ ጀሪካን ውስጥ ነው፣ ክዳኑ በፕላስተር ተጠቅልሎ። ድንገት የጠጣ ልጅ ካለ ጣት ከትቶ ማስመለስ የለም። ሲወርድ ያቃጠለ ሲመለስም ያቃጥላል። ጠርሙሱን ይዞ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

ሚያዝያ መጣ። ሙቀት ሆነ። መስኮቱን ያለ ጭቅጭቅ ቀኑን ሙሉ መክፈት ጀመርን። ሞግዚቷ አንድ ከሰዓት ደወለችልኝ። እሷ አትደውልም፤ የምደውለው እኔ ነኝ።

«ጋሼ፣ ሚጡ ሶፋው ላይ ወጣች።»

«ጎበዝ!» አልኩ።

«ሶፋው መስኮቱ ስር እኮ ነው።»

ያን ዕለት ከቢሮ ቀድሜ ወጣሁ። ሶፋውን ወደ ሌላኛው ግድግዳ ጎተትነው። ሚስቴ መስኮቱ ላይ ቆማ ወደ ታች አየች፣ ከዚያ እኔን አየች፣ ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን። መሳቂያ አልነበረም። ዓመቱን ሙሉ የተጣላንለት መስኮት ነው።

በማግስቱ ከሳይታችን በር ላይ ካለው ብየዳ ቤት ሰውዬውን ይዤ መጣሁ። ለመስኮቶቹ የብረት ፍርግርግ ሊሠራልን ለካ። በብረቶቹ መሃል ያለው ክፍተት ከ10 ሳንቲ ሜትር እንዲያንስ ነገርኩት፤ ከዚያ ከሰፋ ሰውነቷ ያልፍና ጭንቅላቷ ይያዛል። «የሌላው ሰው እኮ 15 ነው፣ ያምራል» አለኝ። አይመር አልኩት። አንዱ መስኮት ላይ ደግሞ የሚከፈት እንዲያደርግልኝ ጠየቅሁ፣ ከውስጥ ቁልፍ ያለው። እሳት ቢነሳ መውጫ ያስፈልጋል። ቁልፉ በሩ አናት ላይ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ደረጃው ላይ ያለው የብረት መደገፊያም ክፍተቱ ሰፊ ነው። እሱ የጋራ ነው ተብሎ ለኮሚቴ ተነግሯል። ኮሚቴው ስብሰባ ይጠራል ተብሏል። እስከዚያው ጎረቤታችንና እኔ በየፎቃችን የአሣ ማጥመጃ የሚመስል መረብ አስረንበታል። ያስጠላል። አልፎ አልፎ እንግዳ ይጠልፋል።

አማቴ በየማታው 2 ሰዓት ላይ ይደውላሉ። መጀመሪያ የሚጡን ድምፅ ይሰማሉ። ከዚያ ስልኩ ለእኔ ይሰጣል።

«መብራት አለ?»

«የለም እማዬ፣ ሄዷል።»

«ከሰል አላስገባችሁም?»

«አላስገባንም።»

«መስኮቱስ?»

«ክፍት ነው።»

ትንሽ ዝም ይላሉ። ከስልኩ ማዶ የደብረ ብርሃን ንፋስ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ ይሰማኛል።

«ምን ያህል ነው የከፈታችሁት?» ይላሉ።